ሳይነግሩኝ የቀረጹት ዋና

ውድ እትዬ ቃኒሻይ፣

ስልክዎን ስለማያነሱ ይኸው ወረቀት ይዣለሁ። ኦሽ ከተማ ያለችውን የልጅዎን አድራሻ የሰጡኝ ጎረቤትዎ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ "ምን ልታደርጊበት ነው?" እያሉ ግማሽ ቀን መረመሩኝ። ሳያነቡ ቢቀዳድዱት አልፈርድብዎትም። ከጀመሩት ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ መሃል ላይ ደስ የማይል ነገር አለ።

ተጠራጣሪ ሆኜ አልተወለድኩም። ይህን ነግሬዎት አላውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት ገበያ ውስጥ የማቅጠኛ ሻይ የምትሸጥ ሴት "ፊትሽ ሲያምር! ለማስታወሻ ላንሳሽ" ብላ ፎቶ አነሳችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅኩላት። ከሳምንት በኋላ ያንን ሳቄን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከሥሩ "ከመጠጣቷ በፊት" ይላል። ከጎኔ ደግሞ አንዲት የማላውቃት ቀጭን ሴት "ከጠጣች በኋላ" ተብላ ቆማለች። ሻዩን ቀምሼው አላውቅም። ባሌ ኤርሜክ በጠራራ ፀሐይ ሄዶ ገነጠለው፤ ግን ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሆና ቀድማ አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ደግ ሲሆንልኝ ፊቱን ትቼ እጁን ነው የማየው።

እርስዎ ያገኙኝ ባለፈው መስከረም ነው፤ ሰው እንዳያየኝ ከሸምበቆው ኋላ ሐይቁ ውስጥ ስንቦጫረቅ። ከየት መጡ ሳልል "አንቺ ልጅ፣ ውሃው ይሸከምሻል እኮ! ምን ያታግልሻል?" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የከተማችንን የቾልፖን አታን ልጆች ዋና ያስተማሩ መሆንዎን አውቃለሁ። ያም ሆኖ "በነጻ አሠለጥንሻለሁ" ሲሉኝ መጀመሪያ ያየሁት እጅዎን ነው።

"ምን ፈልገው ነው?" አልኩዎት።

"በመጪው ነሐሴ ትራያትሎን እንድትጨርሺ።"

ቃሉን አላውቀውም ነበር። በጣትዎ ቆጠሩልኝ፦ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዋና፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሦስቱም ያለ ዕረፍት። መቶ ስምንት ኪሎ የምትመዝን ልብስ ሰፊ ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ ቀለዱብኝ ብዬ ነበር።

የብርዱን ወራት በከተማው ማገገሚያ ቤት የሞቀ መዋኛ ገንዳ አሳለፍን። ልኬ የሚሆን የዋና ልብስ ከተማው ውስጥ ስለጠፋ ሁለቱን ቀድጄ አንድ አድርጌ ሰፋሁ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ከዳር የተቀመጠችው ሴትዮ "ኧረ ውሃው ገንፍሎ እንዳያልቅ!" ስትል እርስዎ ዘወር እንኳ ሳይሉ "ካለቀ አንቺ በባልዲ ትሞዪዋለሽ" አሏት። ያን ዕለት ልወድዎት ነበር። ግን ያዝ አደረግኩት።

ሩጫው ባሰ። ጭኔ ተላልጦ ቅባት እየቀባሁ፣ በየደጁ "ሳልቂናይ፣ ማን ሞተ? ወዴት ነው እንዲህ ጥድፊያው?" እየተባልኩ ነው የሮጥኩት። እርስዎ በብስክሌት ከኋላዬ ሆነው "አትመልሺላቸው፣ ትንፋሽሽን ይበሉብሻል" ይሉኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ወደ ሐይቁ ወጣን፤ ጥርጣሬዬም አብሮ ወጣ። ከአሮጌው የጀልባ መትከያ አጠገብ ካልሆነ አትዋኚ አሉኝ። ብርቱካናማ ቆብ አደረጉልኝ። ፎጣ ውስጥ የጠቀለሉትን ስልክ በየጊዜው ብቅ ሲያደርጉት፣ ዞር ስል ሲመልሱት አያለሁ።

"ሴትዮዋ አንድ ነገር ይዛለች" አልኩት ኤርሜክን።

"ጡረተኛ ናት፣ ሥራ ፈታ ነው።"

"እኔን የሚያስፈራኝ ሥራ የፈታ ሰው ነው።"

አንድ ዓርብ መትከያው ጋ ካለው ሻይ ቤት ነጭ ቆብ ካደረገ ሰውዬ ጋር ተቀምጠው አየሁዎት። በጭስ የደረቀ ዓሣ ከምትሸጠው ሴት መደብ ኋላ ተደበቅኩ። እኔ ስደበቅ ይታይዎት! ስልክዎ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብርቱካናማው ቆቤን አየሁት፤ ቀጥሎም ጀርባዬን፣ ስንት ዓመት ከመስታወት የደበቅኩትን ጀርባዬን። እርስዎ "እንዲህ ያለ ሰውነት ከየት ታገኛለህ?" አሉት። ቀጥሎ ያሉትን አልሰማሁትም፤ ሰውዬው ሳቀ።

ሌላ ምን ልስማ? በማግስቱ ከእኔ ጋር የሚያሠለጥኗቸው ስምንቱም ዋናተኞች በቆሙበት መጣሁ። እስከዚያ ቀን ከ"እርስዎ" ወርጄ አላውቅም። ያን ቀን "አንቺ! ለስንት ሸጥሽኝ?" አልኩዎት። "የትኛው ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፊኝ?" አልኩዎት። ሌላም ብዬዎታለሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

ፊትዎ አመድ መሰለ። ፎጣዎን አጣጥፈው "ሳልቂናይ፣ ስምንት ቀን ነው የቀረው። የብስክሌቱን ፍሬን አስፈትሺ" ብለው ሄዱ። እኔ ደግሞ ላልኩዎት መልስ አለመስጠትዎን ጥፋትን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል?

ውድድሩ ቦታ የሄድኩት በእልህ ነው። ቁጥር ከሚታደልበት ጠረጴዛ ስደርስ ያ ባለ ነጭ ቆብ ሰውዬ ተቀምጧል። ልመለስ ስል "ሳልቂናይ ማለት አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"አንተስ ማን ነህ?"

"የውድድሩ ሐኪም። ሚያዝያ ላይ የምዝገባ ቅጽሽን የመለስኩት እኔ ነኝ።"

ቅጼ ተመልሶ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ክብደቴን አይቶ "ውሃ ውስጥ ብትደክም ማን ያወጣታል?" ብሎ ከልክሎኝ ኖሯል። "አሠልጣኝሽ አምስት ጊዜ መጣች" አለኝ። "መጨረሻ ላይ ከመትከያው ጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለሺ የቀረጸችውን አሳየችኝ። የዋናው የጊዜ ገደብ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ አንቺ በሃያ ስድስት ጨርሰሻል። ትንፋሽሽም አልተዛነፈም።"

"ታዲያ ምን አሳቀህ?" አልኩት። ግራ ገባው።

"ሻይ ቤት! ምን አሳቀህ?"

"እ... ዛሬም እንቢ ካልክ አንተን ሐይቁ ውስጥ እወረውርና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብህ አያለሁ አለችኛ!"

"ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?"

"ከነገርኳት ሁለተኛ ውሃ አትገባም ብላ።"

እውነትዎን ነው፣ አልገባም ነበር። ግን ሳልደብቅ ልናገር፣ እትዬ ቃኒሻይ፦ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ አይደለም። ሳይጠይቁኝ ገላዬን ለሰው አሳይተዋል። ለበጎ ነው፣ አውቃለሁ። ያችም የሻይ ሻጭ አልጠየቀችኝም ነበር። ሁለታችሁን አንድ አላደርግም፤ ሆኖም ጀርባዬ የእኔ ነው። ቢጠይቁኝ አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ምናልባት ከሦስት ቀን በኋላ እሺ እል ነበር።

ዋናውን በሃያ ሰባት ደቂቃ ወጣሁ። በየትንፋሼ ዳር ዳሩን ስፈልግዎት ውሃ ጠጣሁ። ብስክሌቱ ላይ ሁሉም ጥሎኝ ሄደ። ኮክ የሚሸጡ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ሲያጨበጭቡ "ምን ያስቃል?" ብዬ ጮህኩባቸው። "ማን ሳቀ፣ ልጄ? ኮክ ውሰጂ!" አሉኝ። አፍሬ ወሰድኩ፤ በአፌ ይዤው አንድ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ሩጫው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ልቁም ሳልል ቀረሁ ብል ውሸት ነው፤ አራት ጊዜ ቆሜያለሁ። መጨረሻው መስመር ጋ ስደርስ ወንበሮቹን እያጣጠፉ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ኤርሜክ የልጃችንን እጅ ይዞ ስሜን ይጠራል። ሐኪሙ ሜዳሊያውን ራሱ አጠለቀልኝ፤ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ከደስታዋ ነው ብሎ አጨበጨበ። እኔ ያለቀስኩት "አዩልኝ?" የምለው ሰው ስላጣሁ ነው።

በማግስቱ ቤትዎ ሄድኩ፤ ተቆልፏል፤ ጎረቤትዎ ልጅዎ ጋ ሄደዋል አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝ። ያዋረድኩዎት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውንም በስምንቱ ዋናተኞች ፊት ብያለሁ፤ እርስዎ ሳይኖሩ። አንዷ "ለእኛ ምን ትነግሪናለሽ፣ ለሳቸው ንገሪ" አለችኝ። ይኸው ነገርኩ።

እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካልመጡ እኔ እመጣለሁ። ወደ ኦሽ የሚሄደው መኪና ጠባብ ነው ይላሉ፤ ሁለት መቀመጫ እይዛለሁ እንጂ አልቀርም።

ከሁሉም ኋላ የደረሰችው
ሳልቂናይ