በስጦታ የተመዘገበው የወ/ሮ አጁሉ ጨሌ

ለአፍሪካ ታሪክ፣ ጥበብና ባህል ሙዚየም ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት በስጦታ የተመዘገበ ጨሌ ለባለቤቷ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ ወንዳፍራሽ ጥሩነህ በጋምቤላ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። አምና ባለሙያዎቻችሁ ቅርስ ሊያሰባስቡ ሲመጡ ጎረቤቴ ወ/ሮ አጁሉ ኡቻላ ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አኙዋዎች ድሙይ የሚሉትን ሰማያዊ ጨሌ አውጥተው ያሳዩት እኔን አምነው ነው። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ድሙይ የጋብቻ ጥሎሽ መሆኑን፣ ሴት ልጅ ስትዳር የመጣው ለወንድሟ ማግቢያ እንደሚቀመጥ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር አልጠየቅሁም። የታሪክ አስተማሪ ተብዬ!

2. ወ/ሮ አጁሉ የተስማሙት ለአንድ ዓመት ውሰት ነው። ለውሰት የክልሉ ባህል ቢሮ ማህተም ያስፈልጋል፤ ቢሮው ግን ገና አዲስ ነበርና ማህተም አላስቀረጸም። ለስጦታ የባለቤት አሻራ ይበቃል። የባለሙያዎቹ መኪና ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። «ኋላ ይስተካከላል» አልኩና በስጦታው ቅጽ ላይ፣ ውሰት ነው ብያቸው፣ አሻራቸውን አስደረግሁ። ማንም አላስገደደኝም።

3. ዘንድሮ ልጃቸው ኦባንግ ከኢታንግ ወረዳ ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። የልጅቷ ቤተሰቦች ድሙዩን እስከ ሰኔ እንጠብቃለን፣ ከዚያ ለሌላ እንድራታለን ብለዋል። በሌላ ነገር አይተካም።

4. በየካቲት ወ/ሮ አጁሉን ይዤ ሙዚየማችሁ መጣሁ። መዝገብ ክፍሉ ስጦታ እንደማይመለስ ለብቻዬ ነገረኝ። ስመለስ ወ/ሮ አጁሉ ግንባራቸውን ድሙዩ ያለበት ሣጥን መስታወት ላይ አስደግፈው ቆመዋል። «መምህር፣ በደንብ አስቀመጡልኝ። እግዜር ይስጣቸው» አሉኝ። ከሥሩ የተጻፈው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «በስጦታ የተገኘ» ይላል። «የአጁሉ ነው ይላል» አልኳቸው። አወይ እኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

5. ስለዚህ ጥፋቱ በስሜ ተጽፎ፣ የሚገባኝም ቅጣት ተወስኖብኝ፣ ድሙዩ ከሰኔ በፊት እንዲመለስላቸው በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ቢሮው አሁን የጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዣለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም።

አይቻልም የሚባል ከሆነ ግን፣ ክቡርነትዎ፣ የመልሱን ደብዳቤ ከሚያነብላቸው ሌላ ሰው ጋር ይላኩት። ወ/ሮ አጁሉ ፊደል አልቆጠሩም። የመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብላቸው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ያምኑኛል።

ከአክብሮትና ከሐፍረት ሰላምታ ጋር

ወንዳፍራሽ ጥሩነህ
(ፊርማ)