ዳንቴል የለበሰው ሪሲቨር

ጋምቤላ፣ እሑድ ሰኔ 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወንዳፍራሽ
ጅማ

ወንዴ፣ ጤናህን ሳልጠይቅ ወሬ ልጀምር ነውና እንዳትስቅብኝ። ሠራ! የሻይ ቤቷ የኛቹዎል የዲሽ ሪሲቨር ሠራ! የጠገንኩትም እኔው ነኝ፤ በእነዚህ ከጠመኔ በቀር ሌላ በማያውቁት ጣቶቼ! ትናንት ማታ ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ የጮኽኩት ጩኸት ባሮን ተሻግሮ ተሰምቷል እያሉ ያሾፉብኛል። ስጠግን አውራ ጣቴን አቃጥያለሁ። ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እሺ፣ አሁን ወግ ላድርስ። እንደምን ከርመሃል? የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? ጉንፋን ቶሎ ይጥልሃልና ራስህን ሸፈን አድርግ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሮ ሞልቷል፤ ሙቀቱ ግን ክረምት መግባቱን የሰማ አይመስልም። ትምህርት ቤትም ፈተና አርመን ጨርሰን ተለያይተናል።

በግንቦት መጨረሻ በጅማ መኪና ሹፌር እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። "ሱቁን ዝጊ፣ ቁልፉን ለቀበሌ መልሺ፣ የቀረውን ዕቃ ሽጠሽ ጎሬ እናትሽ ዘንድ ግቢ" ትላለህ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መለዋወጫ ገዝቼ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብለህ በኅዳር ወጥተህ፣ ከሰባት ወር በኋላ የመጣልኝ ቃል ይህ ነው። ተናደድኩ ወንዴ፣ አልዋሽህም። ተናድጄ ቁልፉን አንጠልጥዬ በቀጥታ ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ኦቻላ ቁልፉን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቼ ግን አልከፈት አሉኝ።

"ቲቸር፣ ስጪኝ እንጂ" አሉኝ።

"ብከፍተውስ?" አልኳቸው። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅ።

"ቤቱ የተሰጠው ለጥገና ነው። ሰባት ወር ዝግ ነው። የሚጠግን ሰው ካለ፣ ጥሩ፣ ይከፈት። ከሌለ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት አንድ የተጠገነ ዕቃ አሳዪኝ።"

"አሳይዎታለሁ" ብዬ ወጣሁ። አስበው፣ እኔ እኮ የክፍሌን ሰዓት ባትሪ እንኳ ተማሪ የሚቀይርልኝ ሴት ነኝ! ግን ያን ሱቅ አብረን ነው የቀባነው፤ መደርደሪያውን አብረን ነው የመታነው። ማንም መጥቶ ሽንኩርት ሲሸጥበት ማየት አልችልም።

ሱቁን ስከፍት የኛቹዎል ሪሲቨር እንዳገላበጥከው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ብሎኖቹ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ አሉ። አዲሱን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ ብፈልግ የለም። አዲሱ መበየጃ የለም። የዳዮድና የኮንደንሰር መለዋወጫ ሳጥኖችህ የሉም። መዶሻው እንኳ የለም። ግድግዳው ላይ የሰርጋችን ፎቶ ብቻ ቀርቷል። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው መዶሻ ምን ያደርግለታል ብዬ ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩና አቧራ ማራገፍ ጀመርኩ። እየጠረግኩ መርፌ ያለውን አሮጌ ቴስተርና የመዳብ ጫፍ ያለውን ጥንታዊ መበየጃ ከመደርደሪያው ሥር አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ያንን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ኛቹዎል በሩ መከፈቱን ሰምታ ወዲያው ደረሰች። ድልድዩ አጠገብ ያለውን ሻይ ቤቷን ታውቀዋለህ፤ ዲሿ ከሞተ ወዲህ ኳስ የሚያይ ሁሉ ወደ ጎረቤት ሄዶባት ወንበሮቿ ባዶ ናቸው። ከድንበሩ ማዶ ያሉ ዘመዶቿን አገር ወሬም የምትሰማው በሱዳን ቴሌቪዥን ነበር። በሩን ሞልታ ቆመችና፣

"ወለላ፣ ባልሽ ዲሼን ከፍቶ ሄደ። አሁን ማን ይዘጋል?" አለችኝ።

"እኔ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እሷ ደግሞ በቁመት ከእኔ ብዙ ትበልጣለች። "አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ?"

"ሰባት ዓመት ሙሉ ባትሪ እያበራሁለት አይቻለሁ።"

"ማየት ጥሩ ነው" አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ መጣች፤ አመነችኝ ለማለት ግን አልደፍርም።

በመጀመሪያው ቀን የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየርኩና በቃ ሐኪም ሆንኩ ብዬ ኩራቴ ሊገድለኝ። መብራት ሲመጣ ሰካሁት። ጧ! አዲሱ ፊውዝ ጠቆረ። ኛቹዎል ከበርጩማዋ ሳትነሳ "አሁን ሁለቴ ሞተ" አለች። ያን ጊዜ ድምፅህ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ "ፊውዝ እኮ ጥፋተኛ አይደለም ወለላዬ፣ ያቃጠለውን ፈልጊ" ትለኝ ነበር፣ ባትሪው ሲዘነብልብኝ እየተቆጣህ። በማግስቱ አራቱን ዳዮዶች አንድ በአንድ ለካሁ። ሦስቱ ኤሌክትሪኩን በአንድ በኩል ብቻ ያሳልፋሉ፤ ደህና ናቸው። አራተኛው ወዲህም ወዲያም ያሳልፋል! አገኘሁህ አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ከሞተው ሬዲዮናችን ዳዮድ ፈትቼ ተካሁበት። ቀን መብራት ስለሌለ መበየጃውን ከሰል ላይ እያጋልኩ ነው የሠራሁት። ላቤ ቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አሥሬ፣ የዳዮዱን አንድ እግር በበየድኩ ቁጥር መበየጃው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ወደ ከሰሉ። አውራ ጣቴ ተቃጥሏል፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን በኩራት ነው የማሳየው።

በሁለተኛው ሙከራ ግን ብልህ ሆንኩ፤ እንደ አንተ ግፊቱን እንዲይዝልኝ መሥመሩ መሐል አምፖል አስገባሁ። አምፖሉ ቦግ አለና ደብዘዝ አለ። ፊውዙም አልተነካም! ግን የሪሲቨሩ ቀይ መብራት ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ይል ጀመር፤ ከዚያ አያልፍም። ነቅዬ እንዲረጋጋ ተውኩትና በማግስቱ ቦርዱን በቀን ብርሃን አቅርቤ ሳይ፣ ሁለቱ ኮንደንሰሮች አናታቸው እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል።

እነሱን ከየት ላምጣ? ሳጥንህ ጅማ ነው። ጀልባ የሚነዳውን ኦኬሎን በባሮ ወደ ማታር ከተማ ሲወርድ የተጣለ ቴፕም ሆነ ሬዲዮ ካገኘ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። አራት ቀን ጠበቅኩ። እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ለአቶ ኦቻላ ላሳይ የቀጠርኩት ቅዳሜ ደግሞ እየቀረበ ነው። ሐሙስ ጠዋት ኦኬሎ አንድ ጎኑ የተሰበረ ትልቅ ቴፕ በትከሻው ይዞ ከወንዙ ሲወጣ ሮጬ ልሳመው ምንም አልቀረኝ። ከፈትኩት። ሁለት ኮንደንሰር፣ ልክ እንደ ተበላሹት ባለ አንድ ሺው! ቮልቱ ግን የእኛ አሥራ ስድስት፣ ይሄኛው ሃያ አምስት። ደነገጥኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ቢያንስ ነው የሚፈነዳው። የመቀነስ ምልክቷን ከቦርዱ ጋር አምስት ጊዜ አመሳክሬ በየድኳቸው።

አሁን የምነግርህን ግን ለማንም እንዳትናገር። ዓርብ ኛቹዎል አንድ የታጠፈ ጨርቅ ይዛ መጣች። "ሲድን ይለብሳል ብዬ አጥቤዋለሁ" አለች። ገለጥኩት። ዳንቴል ነው። የእኔ ዳንቴል! ሪሲቨር ላስገባ ደንበኛ ሁሉ እየሠራሁ በስጦታ የምሰጠው፣ አራቱም ጎኑ እስከ ታች የሚወርደው። መሐሉ በሙቀት ቡናማ ሆኗል። ሪሲቨሩን አየሁ፣ ዳንቴሉን አየሁ፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን አየሁ። በጋምቤላ ሙቀት ላይ ብርድ ልብስ ደርቤበት ኖሯል! በዚያ ላይ ሰዉ መብራት መምጣቱን በቴሌቪዥኑ ለማወቅ ሲል ማብሪያውን ሳያጠፋ ይተወዋል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሳ የመጀመሪያው ግፊት የሚያርፈው እዚያው የታፈነ ዕቃ ላይ ነው።

"ኛቹዎል፣ ሪሲቨርሽን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኳት፤ አስረዳኋት።

እስክትንበረከክ ሳቀች። "ልብስ አልብሰሽ ገደልሽው! እኛ እዚህ አገር ሰው እንኳ በሙቀት ልብስ አይደርብም!" ዳንቴሉን ወሰደችና የዳቦ መሸፈኛ አደረገችው።

እኔም አብሬያት ሳቅኩ። በኋላ ግን ስቆጥር በከተማው ሃያ ሦስት ዳንቴል አለኝ፤ ሃያ ሦስት የታፈነ ሪሲቨር ማለት ነው። አንተስ ወንዴ፣ እኔ ሌሊትና ቀን ዳንቴል ስሠራ እያየህ፣ ሙቀት እንደሚገድለው እያወቅክ ዝም ያልከኝ ለምንድን ነው? እንዳልከፋ ብለህ ይሆናል። ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ያወቅኸውን ነገር ሁሉ ብትነግረኝ ይሻለኛል።

ትናንት ቅዳሜ ሪሲቨሩን ገጥሜ ሻይ ቤቷ ወሰድነው። አቶ ኦቻላም መጡ። ሰዉ ከደጅ እስከ መንገድ ሞልቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ አምፖሉ በራ፣ ሁሉም "በራ! ክፈቺው!" አለኝ። ገመዱን በእጄ ጨብጬ "አሥራ አምስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፤ መብራቱ ይርጋ" አልኳቸው። ጮኹብኝ። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ፤ ዝም አሉ። እነዚያ ደቂቃዎች አላልቅ አሉኝ። ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ። አልጠፋም። አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው በዐረብኛ ወሬ ሲያነብ ብቅ አለ፣ ክራባቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ! ኛቹዎል ወገቤን ይዛ ከመሬት አነሳችኝ። እዚያ ላይ ነው የጮኽኩት።

ሁካታው በረድ ሲል አቶ ኦቻላ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

"ሰኞ ኮሚቴው የሚነጋገርበት ነገር የለም" አሉ። "ግን ፈቃዱ መታደስ አለበት። በማን ስም ይጻፍ?"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስምህን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ "ወለላ ተሰማ ብለው ይጻፉ" አልኳቸው። ጻፉት።

ስለዚህ ጎሬ አልሄድም፤ ለእማዬም ጽፌላታለሁ። በሚመጣው መኪና አዲሱን ቴስተርና ኤሌክትሪኩን መበየጃ ላክልኝ፤ መዶሻው ይቅርብህ፣ ገዝቻለሁ። ከነገ ጀምሮ ሃያ ሦስቱን ቤት ዞሬ ዳንቴሎቼን እሰበስባለሁ። እግዚአብሔር እጅህን ከኤሌክትሪክ፣ ደረትህን ከብርድ ይጠብቅልህ። አብረውህ ያሉትን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ማን እንደሆኑ ባላውቅም።

ደብዳቤውን ሳላሽገው መልሼ አነበብኩት። መቼ እንደምትመጣ ሳልጠይቅህ ጨርሼዋለሁ። ልጨምረው ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ ግን እሑድ ነው ብላቸውም ሬዲዮ የታቀፉ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል፣ ልክፈትላቸው።

ወለላ ተሰማ