ለአንድ ቀን የተዘጋ በር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ደረጃውን ለመደው ወይስ አሁንም በየፎቁ እያረፍክ ነው የምትወጣው? ባለቤትህን ጥብቅ አድርገህ ሳምልኝ። የልጅህን የሚጡን ፎቶ ሳየው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ቁርጥ አንተን፣ ያኔ ከበሩ ጋር ተላትመህ የመጣህ ዕለት። እኔ ደህና ነኝ፤ አባባም ደህና ነው። እንደ ወትሮው «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ዛሬ ግን የጎደለ ነገር አለ፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ። ደብዳቤ ቆመህ የማንበብ ልማድ አለህና እባክህ ይህንን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ድምፅህን ስሰማ ወሬው ሁሉ ስለ አየሩና ስለ ሚጡ ይሆንና ስልኩ ይዘጋል። ያቺ አፏ የማያርፍ እህትህ እውነት ለመናገር ወረቀት አስፈለጋት ብልህ ትስቅብኛለህ። አሁኑኑ ሳቅ፤ ወደ ታች የሚያስቅ ነገር ብዙ የለውም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልህ። የልብስ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ መንገዳችን ምን መስሎ እንደቀረ ታውቃለህ። ሃያ ሦስት በር ነበረን፤ አንተ ስትሄድ ዘጠኙ ክፍት ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንድ ብቻ ቀረ፤ የአባባ። ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ከሄዱ የስፌት መኪና ጠጋኝ ብቻውን ምን ይሠራል ብትል፣ ሴቶች መኪናቸውን ከየቤታቸው አሸክመው ያመጡለት ነበር። ሥራው ብዙ ባይሆንም አንድም ቀን አልቀረም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቆርቆሮ መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፋው የሚሰማው ጩኸት ለሰፈሩ ሰው ሰዓት ሆኖ ነበር።

የሰፈር ማኅበሩን የመሠረትነው አራት ሆነን ነው። የፋብሪካው የቅድ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጋሼ መቀስ፣ እነዚያ ሲያወሩ በሁለት ጣታቸው አየር የሚቆርጡት፣ ሊቀመንበር ሆኑ። ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ እርሾ፣ መምህሩና ጸሐፊዋ እኔ ነን የቀረነው። የምንሰበሰበው ከመንገዳችን ውጭ ባለው ዳቦ ቤቷ ጓዳ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ቤት ስመለስ አባባ የቀሚሴን ጀርባ ያይና «ስብሰባ ነበር ወይስ ወፍጮ ቤት?» ይለኛል።

አንድ የልማት ፈንድ ሥራ የቆመባቸውን መንገዶች አድሶ መልሶ እንደሚያቋቁም ሰማን። መምህሩ ቅጹን አመጣ። ሁሉንም ሞልተን አንዱ ጥያቄ ላይ ስንደርስ ተገተርን። አንድም ሱቅ የማይሠራበት መንገድ በመጀመሪያው ዙር ይታያል፤ አንድ እንኳ ክፍት ሱቅ ያለው ግን ሁለተኛውን ዙር፣ ማለትም አምስት ዓመት ይጠብቃል። መምህሩ ለቀልድ ያህል «እንግዲህ ያንቺ አባት ናቸው አልሞትም ብለው ያስቸገሩን» አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ጋሼ መቀስ ጥያቄውን ደግመው አነበቡት።

ለሌላ ሰው ብነግረው ኮሚቴው አስጨንቆኝ ነው እል ነበር። ማንም አላስጨነቀኝም። እንዲያውም እትዬ እርሾ «ተዪ አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን አትንኪው» ብላኛለች። እኔ ነኝ አፌን ሞልቼ «አባባን ለእኔ ተዉት» ያልኩት።

ሱቁ ስሄድ አባባ አንድ የስፌት መኪና ገልብጦ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት። ገምጋሚዎች ሐሙስ እንደሚመጡ ነግሬ፣ ለዚያች አንድ ቀን ብቻ ሱቁን እንዲዘጋልኝ ለመንኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀኝ ያቺ መኪና ሐሙስ ትደርሳለች ብሎ ለባለቤቷ ቃል እንደገባ፣ እሷ መጥታ በሩን ዝግ ብታገኘው ምን እንደምትል ነው። ሌላ ቀን ትምጣ አልኩት። «ሐሙስ ነው ያልኳት» አለኝ። ረቡዕ ጨርሶ መኪናዋን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ቤቷ ድረስ አደረሰላት።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ፤ መነጽር ያደረገች ሴትና ካሜራ የያዘ ሰውዬ። ከበር በር እየሄዱ ጻፉ። የአባባ በር ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ መዝጊያው የሚንሸራተትበትን ብረት በጣቷ ነካችው። ጣቷ ላይ ዘይት ቀረ። ቀና ብላ አየችኝና፣ የዚህ ሱቅ ባለቤት ሥራ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ «ቆይቷል» አልኳት። ጣቷን በወረቀት ጠርጋ ያልኳትን ጻፈች። ሰውዬውም ፎቶ አነሳ። ቤት ስገባ አባባ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። «አለፍን?» አለኝ።

አለፍን። ሥራው ደግሞ ያምራል ወንድም ጋሼ፤ እሱን ላንተም ለማንም አልክድም። ጣሪያው ሁሉ ተቀየረ፣ ያ የሚሸተው ቦይ ተከደነ። አሥራ አራቱ በር ውስጥ ዛሬ ልብስ ይሰፋል። ፋብሪካው ሲዘጋ የሰው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴቶች ለሦስት ከተማ ተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፉ ነው። አውቶቡሱ አልፎን መሄዱን ትቶ መቆም ጀመረ። እትዬ እርሾ ሁለተኛ ምድጃ ጨመረች፤ ጋሼ መቀስም አየሩን ትተው ጨርቅ መቁረጥ ጀመሩ። መንገዱን ሳቋርጥ ደስ ይለኛል፤ ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ አፍራለሁ።

ሱቆቹ የማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። እድሳቱ አልቆ ሲታደሉ ደንቡ፣ ሥራ ላይ ለነበረ ሱቁ ይመለስለታል፣ ባዶ የነበረው ለአዲስ ሠሪዎች በዕጣ ይወጣል ይላል። አባባ በወረቀቱ ላይ ካቆመ «ቆይቷል»። ለጋሼ መቀስ ሄጄ ነገርኳቸው። አንዷን መስመር ካረምን ሁሉንም ደግመው ይፈትሻሉ፣ ሥራው ይቆማል፣ ትንሽ ታገሺ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉኝ። ታገስኩ። የእኔ እንቁላል እዚያው እንደተቀመጠ ሸተተ።

የአባባ ሱቅ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ የተማሪ ቦርሳ ለሚሰፉ ሁለት እህትማማቾች ደረሰ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አባባ ሲያልፍ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሰላም ይሉታል። የአባባን ዕቃ በጋሪ ወደ ቤት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባላል አይደል? እኔ አብሬ አልዘረፍኩም፤ በሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ሰው አባባ ለምን አልተመለሰም ብሎ ሲጠይቀኝ የምለው ጠፋኝና እጁን አሞታል አልኩ። መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ መርፌ መያዝ አቅቶታል አልኩ። አንተም የላኩልህን ፎቶ አይተህ የአባባ ሱቅ የታለ ብለህ ስትጽፍልኝ ያንኑ ጻፍኩልህ። ወንድም ጋሼ፣ የአባባ እጅ ምንም አልሆነም። አንድም ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አንተ ግን አምነኸኝ ክፍል አዘጋጀህለት፣ ሐኪም ቀጠርክለት፣ የመሄጃ ብቻ ትኬት ቆረጥክለት። ለአባባ የነገርኩት ናፍቀኸው እንደምትጠራው ብቻ ነው። «ልጄን ልየው» ብሎ እሺ አለ።

የዚህ ውሸት ዳፋ ገና አላለቀም። አሁን በመንገዱ ላይ የስፌት መኪና ሲበላሽ ጠጋኝ የሚመጣው ከሌላ ከተማ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ። ረቡዕ የተበላሸ መኪና ስድስት ቀን ይገተራል። አንዷን ሰፊ ለምን አባባን አትጠሩትም ብላት «እጃቸውን ታመው የለም እንዴ፤ ምነው ታስቸግሪያቸዋለሽ» ብላ ተቆጣችኝ። እሱ ደግሞ በየጠዋቱ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ቤት ሲገባ ያቺ መኪና ቀበቶዋ ላልቷል፣ ሳምንት አትቆይም ይለኛል። ገብተህ ንገራቸው ስለው «አልተጠራሁም» ይላል። መኪናዋ በአምስተኛው ቀን ቆመች።

እናም ዛሬ ጠዋት ለፈንዱ ጽፌ ላክሁ። ሱቁ ተዘግቶ የዋለው ያን ዕለት ብቻ እንደሆነ፣ ያስዘጋሁትም «ቆይቷል» ብዬ የመሰከርኩትም እኔ እንደሆንኩ፣ ሌላው የኮሚቴ አባል እያወቀ ዝም ያለው ሥራው እንዳይቆም ፈርቶ እንደሆነ ጻፍኩ። የፈረምኩት ብቻዬን ነው። ላንተ ከመጻፌ በፊት የላክሁት እንዳትከለክለኝ ብቻ ሳይሆን አንተን ሰበብ አድርጌ እንዳልተወው ነው። ምን ያደርጉን ይሆን? ከኋላችን ላለው መንገድ የጠየቅነው ሁለተኛ ሥራ ይቀራል ይሆናል። እትዬ እርሾን ቀና ብዬ ማየት አልችልም ይሆናል። በጣም ፈርቻለሁ፤ ጀግና መስዬ እንዳልታይህ።

ካንተ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አባባ ይምጣ፤ ሚጡን ይያት፣ ካንተ ጋር ይጨቃጨቅ። ግን ታሞ እንደመጣ ሰው አትቀበለው። መመለሻውንም ቁረጥለት፤ ቀኑ የተጻፈበት ትኬት ይሁን፣ እሱም ገና ሳይነሳ በዐይኑ ይየው። የሚመለስበትን በር ማግኘት የእኔ ፈንታ ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር ባይሆን እንኳ ጋሼ መቀስ የጨርቅ መጋዘን ካደረጉት ክፍል ግማሹን አስለቅቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔ ከጀመርኩ አልለቅም።

ይህን ስታነብ በዐይኔ ያየሁትን ትክጂኛለሽ ወይ እንደምትል አውቃለሁ። ልክ ነህ፣ እሑድ በስልክ ስታየው እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተሃል። እስቲ ግን ከመጀመሪያው አስታውሰው። ከሚጡ ጋር ስለ ጥርሷ እየተሳሳቀ በቀኝ እጁ የሞላ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ነበር፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ከዚያ አንተ ስልኩን ከልጅህ ተቀብለህ፣ እህቴ ሁሉንም ጽፋልኛለች፣ እጅህ መንቀጥቀጡ እንዴት ነው ብለህ ጠየቅኸው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አባባ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አላየኝም። ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ ያኔ ነው ብርጭቆው መንቀጥቀጥ የጀመረው። ሻዩ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ፣ አንተ አለቀስክ፣ እሱም አይዞህ ልጄ አለህ።

ስልኩ ሲዘጋ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሱሪውን ጠረገ። የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሮ አየና አምጪው አለኝ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ክር፤ መነጽሩንም አላደረገም። ክሩን በመርፌዋ ያሾለከው በአንዴ ነው። ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ቀሚሱን አጥፎ ሰጠኝ።

አሁን መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ለማን እንደምጽፍ ገብቶታል፤ ስለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። ሚጡን ሳሚልኝ፣ ለባለቤቱ ሰላምታዬን አድርሺ፣ ጉልበቱን በሞቀ ውሃ ይሸው ብሏል። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ቤትህን የሰላም ያድርገው ብሎ መርቆሃል፤ ምርቃቱን አንድም ሳልቀንስ አስተላልፌልሃለሁ። እኔም አሜን ብያለሁ።

ጨረስኩ ስለው አንዲት ነገር ጨምሪልኝ አለኝ። «‹እጁስ እንዴት ነው› ካለሽ፣ አንቺ እንዳልሽው ነው በይው።»

የምትወድህ
ታናሽ እህትህ