ቬሊካ ጆንያ ማንሳት ተማረች

ለእህቴ ለራይና፣

ስፔን ከነልጆችሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ሲጥ ሲጥ ከሚለው ጉልበቴ በቀር ተመስገን ደህና ነን። ደረጃው ስለሰለቸን አልጋችንን ወደ ታች አወረድነው። ባሌ ሚንኮም ፀጉር አስተካካዩ ቤት ድረስ እየመጣለት ሚኒስትር ሆኗል።

እንዳትስቂብኝ፤ ስፖርት ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ከጎረቤቴ ከዶብሪንካ ጋር ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባን። አሰልጣኟ ካሊና "ቁጭ ብድግ!" አለች። ቁጭ አልኩ። ብድግ ማለቱ ግን እምቢ አለኝ። ዶብሪንካ "ቬሊካ፣ እዚያው ከዋልሽ ባኒትሳ ጋግሬ ላምጣልሽ?" ብላ አዳራሹን አሳቀችብኝ። "ይሄ ለእኔ አልተፈጠረም" ብዬ ቤቴ ገብቼ ጫማውን ወረወርኩት። በማግስቱ ሚንኮን ሸሚዙን አልብሼው የወረወርኩትን ጫማ ፈልጌ ተመለስኩ።

ካሊና "እማማ፣ ምን መቻል ነው የሚፈልጉት?" አለችኝ።

"ከባድ ነገር አቅፎ መነሳት።"

"ምን ያህል የሚከብድ?"

"አንድ ወንድ ያህል። ግን የከሳ ወንድ።"

እሷ አልሳቀችም። የአሸዋ ጆንያ አምጥታ "በወገብ ሳይሆን በእግር!" እያለች አሳየችኝ። ስንቴ ከጆንያው ጋር ተቃቅፌ እንደወደቅሁ! ዶብሪንካ "ኧረ ባልሽ እንዳይቀና!" ትላለች። አንድ ሐሙስ ግን ጆንያው ተነሳ፤ ከእኔ ይልቅ ዶብሪንካ ጮኸች።

ትናንት ሚንኮን ከወንበሩ አቅፌ አቆምኩት። "ምነው ሴትዮ፣ ልንጨፍር ነው?" አለኝ፣ ምላሱ እየተሳሰረ።

"አዎ" አልኩት። እስከ መስኮቱ ድረስ ጨፈርን።

ለፋሲካ ባትመጪ አልቀየምሽም። ብትመጪ ግን ሚንኮ ደስ ይለዋል። ልጆቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚልኝ።

እህትሽ ቬሊካ