አንበሳ የሌላት አላድ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? ሦስት እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ስማቸውን ግን የነገረኝ የለም። የጅቡቲ ሙቀት ከእኛው ይብሳል ይላሉ፤ ያ ደረትህ እንዴት እንደቻለው እንጃ። እኔ ከዐይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ወርቅዬም ደህና ናት። ልጽፍልህ መሆኑን ስነግራት “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እስክሪብቶ አጥተህ ነው?” አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይታ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ “ሰላም በልልኝ” አለች።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ በባቡር የምትመላለሰው ሃዎ ናት። ለፖስታ ቤት ያልሰጠሁት እዚያ ደብዳቤ ስለሚከፈት መሆኑን ታውቃለህ።

ባለፈው ወር ዓብዲ ቤቴ መጣ። ከእኛ ጋር ወርክሾፑ ውስጥ ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ላይ የነበረው ዓብዲ። አሁን ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሱቅ ከፍቷል። ሰው ዛሬም አሮጌ ብር ባገኘ ቁጥር ወደኔ ያመጣል፤ እሱም ዳሯ የጎደለ ማርያ ትሬዛ ይዞ ነበር። “ሲመታ የተሳሳተ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ እውነት ነው?” አለኝ። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ አየሁለት። “አታልለውሃል” አልኩት። አንድ ነገር ወድቆባት ነው፤ የተገፋው ብር ከጉድለቱ አጠገብ ተቆልሎ ይታያል። ብር በሚመታበት ቤት የጎደለች ብትሆን ቁልል አይኖራትም፤ ከመመታቷ በፊት የሌለ ብረት የሚገፋበት ቦታ የለውም።

ሳቀና ሌላ ጠየቀኝ። አንዱ ሳንቲም በሌላው ላይ የታተመ እንደሆነስ? እኔም ወሬ ስጀምር እንደምታውቀኝ ነው። ብረት ጠፍሮ በሚይዘው ሞርሳ ከተጨመቀ የሥሩ ምስል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም አልኩት። ከንጉሡ ጉንጭ ላይ የአንበሳው ጎፈር ርዝራዥ ይቀራል። ሞርሳ በሁለት ወገን ስለሚይዝ በደህናው ፊት ያለው አፍንጫም ይደፈጠጣል። አንዳንዴ ግን በመምቻው ቤት አንዱ ሳንቲም ከማተሚያው ሳይወጣ ሌላ ያልተመታ ብር ይገባበታል። ያቺኛዋ በፊቷ ንጉሡ ጥርት ብሎ፣ በጀርባዋ ያው ንጉሥ ጎድጉዶና ዞሮ ትወጣለች። አንበሳ አልተመታባትም፤ ስለዚህ የአንበሳ ርዝራዥ አይኖራትም።

ዓብዲ ሻዩን አስቀምጦ፣ “ይህን ያን ጊዜም ታውቀው ነበር?” አለኝ።

ዐይኔ እንደዛሬው ደክሞ ነበር ብዬ ጀመርኩ።

“አቦ ተው፣ ያን ጊዜ ዐይንህ ደህና ነበር” አለኝ። ብሩን ከእጄ ወስዶ ሄደ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

የምታውቀውን ልድገምልህ ነው፤ ግን እኔ በቆምኩበት በኩል አይተኸው አታውቅም።

ጥቅምት 1970 ነበር። ጦርነቱ በነሐሴ እስከ ከተማው ጫፍ መጥቶ፣ አንተን ጨምሮ ሶማሌ ሁሉ በጎሪጥ የሚታይበት ጊዜ ነበር። አንተ ያቺን የምኒልክ አላድ፣ ያቺን ግማሽ ብር፣ ከእናትህ የአንገት ጌጥ ላይ ፈትተህ አምጥተህ በምሳ ሰዓት አሳየኸን። ዳሯ ላይ የማንጠልጠያው ብየዳ ነበረባት። “ይህ በኋላ የመጣ ጉዳት ነው፤ ጀርባዋን ግን እይ” ብለህ ሰጠኸኝ። ብር መለየት ያስተማርኩህ እኔ ነበርኩ፤ ከኔ ቀድመህ ለየሃት።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ጉግሳ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ አላድህን በአንድ እጁ ያዘ። በሌላው እጁ አንተና እኔ በየተራ ከምንሠራበት ሞርሳ ሥር፣ ከብረት ብናኝ ሳጥኑ የተገኘ የድሮ ስሙኒ ነበር፤ ሌላ ስሙኒ ተጨምቆበት የጃንሆይ ፊት ሁለት ጊዜ ታትሞበታል። “ጓዶች፣ እኛ ንጉሡን አወረድን፤ ይኼ ጓድ ደግሞ በፊትም በኋላም ያትማቸዋል!” አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሥራ ሰዓት፣ በሕዝብ ንብረት፣ ሐሰተኛ ቅርስ እየሠራ የሚሸጥ ነው ተባልክ። አሻጥር የሚለው ቃል ሲመጣ ሳቁ ቆመ።

አንተ አልፈራህም። “እኔን አትመኑ፤ እሱን ጠይቁት” ብለህ ወደኔ ጠቆምክ። አላዷን በእጄ አስቀመጡልኝ። የንጉሡ አፍንጫ ደህና ነበር። ፊደሎቹ ቆመዋል። በጀርባዋ ጎድጉዶ ከዞረው ንጉሥ በቀር ጎፈር የለም፣ ጅራት የለም፣ ምንም የለም። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደሷ ያለ አላየሁም። ቀና ስል ሰው ሁሉ አፌን ያያል፤ አንተ ግን ስሙኒውን ነበር የምታየው። ከስሙኒው ዐይንህን ወደኔ መለስክ፤ ያን ጊዜ እንደገባህ ገባኝ።

“በሞርሳ የተጨመቀ ነው” አልኩ።

ስሙኒውንስ የጨመቅኸው አንተ ነህ ብለው ሲጠይቁህ “እሺ” ብቻ አልክ። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ታሰርክ፤ ከዚያ አገሩንም ለቀህ ሄድክ። አላዷን ጉግሳ በፖስታ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ከተታት፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። አንተ ከሄድክ በኋላ ሞርሳውን ብቻዬን ሠራሁበት። በዓመቱ ፎርማን አደረጉኝ።

ዓብዲ በሄደ በሳምንቱ በጭነት መኪና ተሳፍሬ እናትህ ወዳሉባት ዋሂል ወረድኩ። እናትህ ከእህታቸው ጋር ስኳርና ጨው ይሸጣሉ። እንደ ድሮው እንደ ልጅ “ሆዮ”፣ እናቴ፣ ብዬ ጠራኋቸው። ቀና ብለው አይተው “ዋርያ፣ ሸብተሃል እኮ” አሉኝና በርጩማ ሰጡኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አላዷ ከመምቻው ቤት እንዲያው የወጣች ናት፣ ልጅዎ አልዋሸም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ስኳሩን እየመዘኑ ነበር፤ ለገዢው ሰጥተው፣ መልሱን ቆጥረው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

“ለነዚያስ ነገርካቸው?” አሉኝ።

አልነገርኩም አልኩ።

“እኔ ልጄን አውቀዋለሁ” አሉ። “አንተ ለማያውቁት ንገር።”

ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ለመጠየቅ ነበር የሄድኩት። ሻይ አስመጡልኝ፤ እኔ ጠጣሁ። ስነሣ ሳይቆሙ እጃቸውን ሰጡኝ።

ማክሰኞ ጉግሳ ዘንድ ገባሁ። ወፍሯል፤ ወንበሩ ግን ያው ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “አንተ ሰው፣ ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ሰውየው በጅቡቲ ፍራንክ ይኖራል፤ ምን አጣህ?” አለኝ። ስሙ እዚህ እንደ አጭበርባሪ ተመዝግቦ ይኖራል አልኩት። “እንግዲያው በጽሑፍ አቅርብ፤ ሰኞ ስብሰባ ላይ ይነበባል” አለ። እያሾፈ ይሁን የምሩን አላወቅሁም።

ጻፍኩ። አላዷን በመነጽር አይቼ፣ አውቄ፣ ሐሰት ተናግሬአለሁ ይላል። እስከዚህ ድረስ እጄ አልተያዘም። ጉግሳ ግን ሞኝ አይደለም። ይህን ካነበበ በኋላ “ታዲያ ስሙኒውን ማን ጨመቀው?” ማለቱ አይቀርም። አንተ ያን ቀን ልትጠይቀኝ ስትችል የተውከው ጥያቄ ነው። መልሱ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ለዚያች መስመር ቦታ ትቼ አራት ቀን ሆኖኛል። መጀመሪያ ለአንተ ልጻፋትና ከዚህ ልገልብጣት ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ እንደምታየው ወረቀቱ እያለቀ ነው።

ሃዎ የምትሳፈረው ሰኞ ማለዳ ነው። ስብሰባው ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ይህ ሲደርስህ የሆነውን አታውቅም፤ በሃዎ በኩል እናትህን ጠይቃቸው። ከተናገርኩ ወሬው ዋሂል ለመድረስ ሁለት ቀን አይፈጅም። ምንም አልሰማሁም ካሉህ፣ አልተናገርኩም ማለት ነው።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ጤናና ሰፊ እንጀራ ይስጥህ፤ እናትህን በዐይንህ ለማየት ያብቃህ።

ወንድምህ