ከጉቶው የበቀለው ወይራ

ኅዳር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.
ሲማዳ፣ ከወገዳ በታች

ለልጄ ለተሾመች ባዩ ይድረስ፤

እንደምን ከርመሻል ልጄ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ማርያም ትመስገን ደኅና ነን። ትናንት ኅዳር ጽዮንን አክብረን ዛሬ ገብሱን መከመር ጀምረናል። አምና ሰማዩ የነሣንን ዘንድሮ መልሶልናል። እናትሽ አዛለች፣ «ጉልበቴን» ትላለች እንጂ አፏ ጤነኛ ነው። ቤቱ ከሄድሽ ወዲህ ክዳኑን ለውጧል። አሁን ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አንሰማማም።

ደብዳቤሽን አብሮ አደጌ ጓዴ ከወገዳ ገበያ አመጣልኝ። አነበብሁት። ከራስጌዬ አኖርሁት። ደግሞ አነበብሁት። በስልክ መመለስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ስልክ የሚይዘው ከጉብታው ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰው አይጠፋም። መልሴ ደግሞ ሰው ፊት የሚባል አይደለም። መንገድሽን ያስቀርብኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

የጠየቅሽኝን ልድገመው፤ ደኅና ገብቶኝ እንደሆን እይልኝ። በጥር ከሁለት የሥራ ጓደኞችሽ ጋር ልትመጪ ነው። አያትሽ ብረት ያቀልጥበት የነበረውን ምድጃ ለመጨረሻ ጊዜ እንዳነድላችሁ ትፈልጊያለሽ። ስንት ከሰል እንደሚበላ፣ ጭሱም ምን እንደሚይዝ ልትለኩ። እናንተ ስዊድን ውስጥ ከቀዩ ድንጋይ ብረት ስታወጡ በከሰሉ ፈንታ ከውኃ ተለይቶ የወጣ አየር ታስገባላችሁ፤ አሮጌውን ከአዲሱ ልታስተያዩ ነው። ከእናንተ ምድጃ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነው ብለሻል።

ይህን ለእናትሽ ሳነብላት፣ «ያለ ከሰል ብረት?» አለች። «ያለ ጌሾ ጠላ በላት!»

«ውኃ ነው የሚወጣው ትላለች» አልኋት።

«እንግዲያ እንስራዬን ይዤ ልሂዳ!»

ሳቅን።

አንድ መስመር ላይ ቆየሁ። «የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ» ያልሽው ላይ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ስትማሪ፣ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሉሽ፣ ገበሬ ነው ትዪ ነበር። አውቅ ነበር። ማረሻ የሚሠራም ከእርሻው ሥራ አይጎድልም ብዬ ለራሴ ፈታሁት። ስንቅ ይዤልሽ ስመጣ ከተማው ሳልደርስ ወንዙ ዳር ቁጭ እል ነበር። ጥቁሩ ከጥፍሬ እስኪለቅ እጄን በአመድ እፈትግ ነበር። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። አሁንም ስጽፍልሽ እጄን አያለሁ። አልለቀቀም።

ጓዴን ታውቂዋለሽ። ስለ እንግዶቹ ከሰማ ወዲህ አላስቀመጠኝም።

«ባዩ፣ ፈረንጆቹን እንዳትበላብን አደራ» ይለኛል።

«ምን ይጣፍጣሉ? ጨው ያንሳቸዋል» እለዋለሁ።

ድሮ ይህ ቀልድ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ቡዳ ብለው በድንጋይ ያባርሩኝ ነበር። እንደዚያ ካሉኝ አንዱ ጓዴ ራሱ ነው። አሁን ሁለታችንም ሸምግለን በዚያው ቃል እንሳሳቃለን። ነገሩ አልቆ ይሁን ወይስ እኛ ደክመን፣ አላውቅም።

አያትሽ ምድጃውን ሲያነድ ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርሁ። ቀኙ ሲነሣ ግራው ሲወድቅ፣ ቆዳው እንደ ታመመ ሰው ሲተነፍስ። የምድጃውን ቀለም ከድምፁ በላይ አስታውሳለሁ። ብረት ያለበትን ቀይ አፈርና ድንጋይ ከገደሉ ሥር ይቆፍራል፤ አውጥቶ ሲጨርስ ጉድጓዱን ይደፍናል። «ብረቱ ይበቃናል፤ የሰው በሬ እግር ሰብረን አንጨምርበት» ይል ነበር። ዛሬ ጉድጓዶቹን ላሳይሽ ብል የማሳይሽ ሣር ነው።

ለከሰሉ ወይራ ሲቆርጥ ሕግ ነበረው። ውኃ እንዳያቁር ጉቶውን አጋድሎ ይቆርጣል፣ እበትና ጭቃ ይቀባዋል። አንድ ሰው ከአንድ ጉቶ ሁለት ጊዜ አይቆርጥም። ከጉቶው የሚያቈጠቍጠው የልጁ ድርሻ ነው። ልጁ ካልቆረጠ የልጅ ልጁ። ይህን ከማን እንደ ተማረው አልጠየቅሁትም። ብዙ ነገር አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ባሌስትራ የሚሉት የመኪና ብረት መጣ። የተሰበረውን ከከተማ እያመጣን ማረሻና ማጭድ ማድረግ ነው፤ ማን አፈር ያቀልጣል? ምድጃው በዚያው ቀዘቀዘ። ሣር በቀለበት። እኔ ዕድሜዬን የሞተ መኪና ስቀጠቅጥ ኖርሁ። አላማርርም።

እና ደብዳቤሽ ሲመጣ እሺ አልሁ። ለማንም ሳልናገር፣ ለራሴ። አንቺ ምድጃው ፊት ስትቆሚ ታየኝ። ኮረብታው አሁን ከከብትም ከመጥረቢያም የተከለለ ነው፤ ቀበሌ ሄጄ ለጥናት ነው ብዬ ጠየቅሁ፣ ፈቀዱልኝ። መጥረቢያዬን ስዬ ባለፈው ሰኞ ከጓዴ ጋር ወጣን።

ወይራዎቹ አድገዋል ተሾ። እኔ ሳውቀው መላጣ የነበረው የኮረብታው ወገብ ጥላ ሆኗል። አንዱ ዘንድ ደረስሁ። ሥሩ ላይ አሮጌው የተጋደለ ቁራጭ ይታያል፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን እንደ ከንፈር ገጥሞበታል። ያ በተቆረጠ ቀን ቅርንጫፉን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ትከሻዬ ያውቀዋል።

«ምነው ቆምህ?» አለኝ ጓዴ። «ወይራ እንደሁ ሰላምታ አይመልስም።»

«የአባቴ ጉቶ ነው።»

«ታዲያ ድርሻህ ነዋ! ቁረጥ!»

እውነቱን ነው። ሕጉ ይፈቅድልኛል። እጄን ቅርፊቱ ላይ አሳረፍሁ። አንቺ እዚያ ብርድ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምትደክሚው ለአንድ ብረት ዛፍ እንዳይወድቅ ነው። እኔ ደግሞ ድካምሽን ላሳይልሽ ብዬ ዛፍ ልጥል። ነገሩ እጄ ላይ አልገጥም አለ። እንዲህ እንደማስብ አላውቅም ነበር።

መጥረቢያውን ትከሻዬ ላይ መልሼ ወረድሁ። ጓዴ ቁልቁለቱን ሁሉ፣ «ለዚህ ነው ቁርሴን ያስጣልኸኝ?» እያለ አጀበኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ምድጃው አይነድም። ብረቱ ሲወጣ የቀረው ጥቁር ዝቃጭ፣ የብረት አር የምንለው፣ ከቤቱ ጀርባ ክምር ሆኖ አለ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ። ቀዩ ድንጋይም አለ። ወናፉ ቆዳው ደርቆ ተሰንጥቋል እንጂ አለ። ስንት ከሰል ይበላ ነበር ላልሽው የማስታውሰውን እነግርሻለሁ፤ ነገር ግን በጥናትሽ ላይ እንደ እውነት እንዳታሰፍሪው። ያኔ ልጅ ነበርሁ። ለእኔ ሁሉም ነገር ተራራ ያክል ነበር።

ይህን ለእናትሽ ነገርኋት። ከዚያ፣ «ምድጃው ካልነደደ ታዲያ ለምን ትመጣለች?» አለችና ወደ ከብቶቹ ወጣች።

ሰውየው ይህን ያህል ዘመን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ልጁን የሚያመጣትን ነገር በእጁ መለሰው ትል ይሆናል በልቧ። እኔም እላለሁ፣ መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ።

ጓደኞችሽ ያለ ምድጃ መንገዱ ከበዛባቸው አይፈረድባቸውም። ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ያለው መንገድ ያው ነው፤ አልተሻለም። አንቺ ግን መንገዱን ታውቂዋለሽ።

ጽዮን ማርያም በወጣሽበት በገባሽበት ትከተልሽ። የባዕድ አገር እሳት አይፍጅሽ፣ ብርዱም አይልመድብሽ። የእናትሽን ጸሎት ከእኔው ጋር ቁጠሪው፤ የእሷ ይበልጣል።

እኔ ድርሻዬን ካልቆረጥሁ ወይራው አሁን ያንቺ ነው። ሕጉ ነው። መጥረቢያውንም እንደ ተሳለ ከበሩ ኋላ ሰቅዬዋለሁ። መጥተሽ አልቆርጥም በዪኝ።

አባትሽ፣
ቀጥቃጩ ባዩ