መንጠቆ የሌለው ክር

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን

ኩርፊያው ከዘንጉ ክር ለረዘመው ባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የስፌት መኪናዬም ይሠራል። ስልክ ስደውል እህትህ «ተኝቷል» ትለኛለች፤ አንተ ግን ከኋላዋ ስትስል ይሰማኛል። ተኝቶ እንዲህ በወጉ የሚስል ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ልጻፍለት ብዬ ተቀመጥኩ። መቼም ደብዳቤውን «ተኝቷል» ብላ አትመልሰውም።

ያን ቀን ተናድጄ ነው የተናገርኩት። እሁድ እሁድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህን ይዘህ ወንዝ እየወረድክ አንዲት ዓሣ እንኳ ይዘህ ስላልመጣህ ነው የተናደድኩት። ግን «ከእኔና ከዚህ ዘንግ አንዱን ምረጥ» የተባለ ሰው አንዱን ይመርጣል እንጂ ሁለታችንንም ጥሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እህቱ ቤት ይሄዳል? እኔስ እሺ፤ ዘንጉ ምን አደረገህ? በሩ ኋላ ቆሞ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያፈጥብኛል።

ባለፈው ሳምንት የወንዝ ዳር ማኅበራችሁ ሊቀመንበር፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ሱቄ ድረስ መጡ። «ባልሽ ጠፋብን እኮ! እሁድ የዓመቱ የውርወራ ቀናችን ነው» አሉኝ። ደንበኞቼ ቆመው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ጥሎኝ ሄደ ልበል? «ጉንፋን ይዞት ተኝቷል» አልኩ። ከእህትህ ተምሬ ነው። «ወይኔ፣ ታዲያ ቦታው ባዶ ሊቀር ነው?» ሲሉኝ ይቺ የማታርፍ አፌ «ምን ሲደረግ! እኔ እመጣለታለሁ» ብላ አረፈችው። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ሄዱና ለጉንፋንህ የሚሆን ሽሮፕ ይዘው ተመለሱ።

ቅዳሜ ዘንጉን አውጥቼ ባገላብጠው ክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ የለም! ዝንብ የምታክል ቀይ የሱፍ ቁራጭ ብቻ ታስራበታለች። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኸው። ምስኪን፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ ባዶ እጁን የሚመለሰው መንጠቆ ማሰር እየረሳ ኖሯል አልኩ። ገበያ ወርጄ ደህና መንጠቆ ገዛሁና ሱፉ ውስጥ ሸጉጬ፣ የካፖርት ቁልፍ በማስርበት አስተሳሰር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩልህ። እሁድ ጠዋት መጥበሻዬን፣ ዘይቴንና ጨዌን በዘንቢል ይዤ ወንዝ ዳር ከተፍ አልኩ።

ያ ሁሉ ሰው ሣሩ ላይ ቆሟል፤ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ! ሣሩ ላይ በተዘረጉ የፕላስቲክ ቀለበቶች ላይ ክር ይወረውራል። መቼም እጃቸውን እያፍታቱ ነው ብዬ መጥበሻዬን ከዘንቢል አውጥቼ አስቀመጥኩ። ወዲያው ያንተ ስም ተጠራና ወጣሁ። ዘንጉን ወደ ኋላ አንስቼ፣ ጊዜ ሳላጠፋ ወደፊት ልልከው ስል ከኋላዬ አንድ ነገር ያዘው። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ወንዙ ነው። «ያዘልኝ!» ብዬ ጮኼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጎተትኩ።

ዞር ስል የሊቀመንበሩ ሱሪ ከኋላ ኪሱ እስከ ጉልበቱ ተተርትሯል።

«ምንድን ነው ያሰርሽበት?» አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው የሚሸፈነውን እየሸፈኑ።

«መንጠቆ ነዋ!»

«መንጠቆ?!» ሰው ሁሉ እሳት እንዳየ ወደ ኋላ ሸሸ። አጠገቤ የነበረች አንዲት የጥርስ ሐኪም ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «እናቴ፣ እኛ እዚህ ዓሣ አናጠምድም። ውርወራውን ብቻ ነው የምንለማመደው። ሱፏ ቀለበቱ ውስጥ ካረፈች በቃ» አለችኝ። መጥበሻዬን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ቁጥቋጦ ሥር ደበቅኩት።

መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ሊቀመንበሩ የዝናብ ልብስ አገልድመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ሱሪያቸውን መስፋት ጀመርኩ። ቀና ስል ታዲያ ምን ልይ? የሁሉም ሰው ክር ጫፍ ላይ ያቺው ቀይ ሱፍ! ቅዳሜ አንዲቷን ሳይ ልብ አላልኩም እንጂ፣ ራሴ የገዛሁት፣ ራሴ የሠራሁት ሱፍ ይጠፋኛል? አውቶቡስ ውስጥ ተሰረቀ ብለኸኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌባውን የረገምኩበት ቀይ ሹራብህ!

«ይቺን ሱፍ ከየት አመጣችኋት?» አልኩ፣ መርፌዬን እንደያዝኩ።

«ባልሽ ነው ያደለን» አሉ ሊቀመንበሩ። «ያሳክካል ይላል እንጂ እንዴት ይኮራበታል መሰለሽ! የጥድፊያ ሥራ አይፈታም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ወርውሩት እያለ። ጥድፊያ የሚለው አንቺን ነው አይደል?»

ልናደድ አልኩና አቃተኝ። እስካለቅስ ሳቅኩ፣ ሳቁ የት ላይ እንዳለቀና ልቅሶው የት እንደጀመረ አላወቅኩም። ያሳክከኛል ብትለኝ ምን ነበረበት? ግን እኔ ነገርህን አስጨርሼህ አውቃለሁ?

ከዚያ የጥርስ ሐኪሟ መንጠቆውን በመቀስ ቆርጣ ጥላ እንደገና አስወረወረችኝ። «አትቸኩይ፤ ክሩ ከኋላሽ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠብቂው» አለችኝ። እኔን እኮ ነው ጠብቂ የምትለው! ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ሱፏ ሄዳ ከቀለበቱ አጠገብ፣ ጥቂት ሲቀራት አረፈች። ሁሉም አጨበጨበልኝ። አንተ ብታየኝ ብዬ ሆዴ ባባ።

አንተ ሰዓት ስትጠግን ቀኑን ሙሉ ዝም ብለህ እንደምትቆይ አውቃለሁ። እኔ ላይ ግን ዝምታህን አታርዝመው፤ ያን ያህል መጠበቅ ገና አልለመድኩም። ናፍቀኸኛል።

ሽሮፑን አልላክሁትም፤ መጥተህ ጠጣው። እህትህን ሰላም በልልኝ፤ ስትዋሽ ስልኩን ካንተ ራቅ አድርጋ ትያዝ። እግዜር ከሳልህ ይማርህ፣ እግርህንም ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

ያንተዋ
ጥድፊያ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዘንጉ በሩ ኋላ ቦታው ላይ ነው፤ መንጠቆ የለውም። ሱፉ እያለቀባችሁ ነው አሉ፤ ስለዚህ ትናንት አዲስ ቀይ ሹራብ ጀምሬልሃለሁ። እንድትለብሰው አይደለም።